የአዝመራ ዋስ

ጎረቤታችን ትናንት የሙከይፉን ገለባ ቀየረ። ሙከይፍ እዚህ ካርቱም ውስጥ በየመስኮቱ የሚሰቀል የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ጎኖቹ በገለባ ይሞላሉ፣ ከላይ ውኃ ይንጠባጠብባቸዋል፣ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ነፋሱን በእርጥቡ ገለባ አሳልፎ ወደ ቤት ያስገባል። አዲስ ገለባ መጀመሪያ ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። ዝናብ ያገኘው የሣር ክምር ይመስላል፤ ትንሽ ግን የዝገት ሽታ ይቀላቀልበታል። ከተማው በጦርነቱ ከተበተነ በኋላ ይህ ሽታ ከሰፈራችን ጠፍቶ ነበር፤ መብራት ሳይኖር ሙከይፍ ምን ያደርጋል። አሁን ሰው አንድ በአንድ እየተመለሰ ነው፤ መብራቱም በቀን ጥቂት ሰዓት ብቅ ይላል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሽታው በመስኮቴ ሲገባ የማጥፈውን ልብስ ትቼ ቁጭ አልኩ።

ያ ሽታ ለእኔ የዓርብ ከሰዓት ሽታ ነው። ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ ሰሞን ዴም በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ማኅበር የተከራየው አንድ ረጅም አዳራሽ ነበር። በግማሹ ወንዶቹ የቤት መብራት ዝርጋታ ይማሩበታል፣ በግማሹ ሴቶቹ ስፌት፤ መሐሉን የሚከፍለው አበባ ያለበት የአልጋ ልብስ ነው። የመስኮቱ ሙከይፍ አሮጌ ስለነበር ነፋሱን የሚልከው ከነጠብጣቡ ነው፤ ፊቱ የተቀመጠ ሰው ደብተሩ ይረጥባል። ዓርብ የተመረጠው ሪያድና ማንሺያ በሚባሉት የሀብታም ሰፈሮች ቪላዎች ውስጥ የሚያድሩ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ካገኙ የሚያገኙት በዚያ ቀን ስለሆነ ነው። ከጁምዓ ጸሎት በኋላ ከተማው ይተኛል፣ አስፋልቱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። በዚያ ሰዓት ልጆቹ በሚኒባስ፣ ያልሆነላቸው በእግር፣ ከየአቅጣጫው ብቅ ብቅ ይላሉ። ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ከላዩ ነጠላ ወይም ቀለም ያለው ሻሽ፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ነጠላ ጫማ። በር ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሱዳናዊት ነበረች። የሻይዋ ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ ብርጭቆዋ እያነሰ ሄደ ብለን ስንቀልድባት፣ «ብርጭቆው አላነሰም፤ እናንተ ናችሁ የወፈራችሁ» ትለን ነበር። ማዶ ያለው ፀጉር ቤት አንድ ፍላሽ ብቻ ስለነበረው የአማርኛ ዘፈኖቹን በቅደም ተከተላቸው እናውቃቸው ነበር። ሰዓት እናይባቸዋለን፤ ስለ ጣና የሚዘፍነው ሰውዬ ሲጀምር የስፌት መምህሯ ትደርሳለች።

የእኔ ሥራ ስም አልነበረውም። ትምህርቱን ያቋረጡትን ፈልጎ መመለስ ነው፤ ማንም የማይፈልገው ሥራ ስለነበር ለእኔ ደረሰ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። እናቴ «ድምፅሽ ከጉሮሮሽ በታች ቀርቷል» ትለኝ ነበር። ግን እዚሁ አድጌ እዚሁ ስለተማርኩ ዓረብኛዬ የአገሬው ዓረብኛ ነው፤ ማኅበሩም የቸገረው እሱ ነበር። ልጆቹ የሚያቋርጡት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ወንዶቹ አብዛኞቹ መንገደኞች ናቸው። ጠዋት የቀን ሥራ ጠባቂዎች በሚቆሙበት ማዕዘን ላይ ሲሚንቶ የሚያሸክም ሰው ከጠራቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ በሊቢያ በኩል ሊሻገር የሚጠብቀው መኪና ይነሳል። ሴቶቹን የሚያስቀራቸው የቤት እንግዳ፣ የእመቤት መውለድ፣ ወይም በመንገድ ላይ የመኖሪያ ወረቀት የሚጠይቅ ፖሊስ ነው።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ይልማ ናቸው። ማንሺያ ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛ ነበሩ፤ ፀጉራቸው እዚሁ ነው የሸበተው። «የቀረ ልጅ በአንድ ሰው አይመለስም» ይሉ ነበር። «ቤቱን የሚያውቅ አንድ፣ የሚያፍረው አንድ፣ የጎደለውን የሚሞላለት አንድ ፈልጊ። ሦስቱን ካላገናኘሽ ስትመክሪው ውለሽ ነው የምትገቢው።» እኔም ሳምንቱን ሙሉ የማደርገው ሰው ከሰው ማገናኘት ነበር። ዴም ውስጥ ልጅ የምትይዝ ሴት አገኘሁ። አንተነህ የሚባል የጎንደር ልጅ፣ የራክሻ ሾፌር፣ ዓርብ ዓርብ ከማዮና ከሪያድ የሚመጡትን በባለ ሦስት እግሯ ተሽከርካሪው በነዳጅ ዋጋ ብቻ እንዲያመጣ እሺ አለ። አንድ የግንባታ ኃላፊ ሁለት ልጆችን ከሰዓት እንዲለቅልን በቤተ ክርስቲያን የሚያፍራቸው ሰው ላክንበት። ያልተመለሱም ብዙ ናቸው። ስልካቸው ዝም ይላል፤ እኛም ወደሚቀጥለው እንሄዳለን።

አዝመራ የቀረችው ፈተናው ሲቃረብ ነበር። ሪያድ ውስጥ ሐጃ ነፊሳ የሚባሉ መበለት ቤት ታድራለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገርን የማትረሳ ልጅ ናት። በዚያ ቤት መጀመሪያ የለመደችው ቃል «ሐዲር» ነው፤ «እሺ፣ መጣሁ» እንደማለት ነው። ከመልመዷ የተነሳ መምህሯ ስሟን ስትጠራ «ሐዲር» ብላ ብድግ ትላለች፤ አዳራሹ ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ፈተናውን ላለፈች ማኅበሩ አንድ የስፌት መኪና ይሰጥ ነበር። አዝመራ በዚያ መኪና የምትፈልገውን አንድ ቀን ነግራኛለች። «በሩን ከውስጥ የምቆልፈው ክፍል ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ። የምትተኛው የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሌሊትም ቀንም ሰው እየገባ ይወጣል።

ሁለት ዓርብ ስትቀር ደወልኩ። «ሐጃ ከልክለውኛል። ቦታዬን ለሌላ ስጡት» አለችኝ በሹክሹክታ። የማኅበሩ ደንብ ጥብቅ ነው፤ ወር የቀረች ትተካለች፣ ተራ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ለጋሽ ይልማ ነገርኳቸው። «ሽማግሌ እንላክ» አሉ።

«ለትምህርት?»

«ለምን አይሆንም? ሰው ከሰው የሚለምነው በሽማግሌ ነው።»

ሦስት ሽማግሌ ያስፈልጋል። ጋሽ ይልማ አንድ፣ ዴም ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት ጋሽ ሰንበቱ ሁለት። ሦስተኛው ሰውዬ በዚያው ጠዋት ሥራ ስላገኙ ቀሩ፤ አንተነህ በራክሻው ሊያደርሰን ቆሞ ነበርና ጋሽ ይልማ ትርፍ ጋቢያቸውን አለበሱት። «በዚህ ሙቀት?» አለ። «ሽማግሌ አይሞቀውም» አሉት። እኔ ምላስ ሆኜ ሄድኩ። የጋሽ ይልማ ዓረብኛ የበር ዓረብኛ ነው፤ ክፈት፣ ዝጋ፣ ጌታው የሉም። ለሳሎን አይበቃም። ባዶ እጅ አይኬድምና ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዛን።

ሐጃ ነፊሳ ሰፊ ሴት ናቸው፤ ቡናማ ቶብ፣ የአገሬውን ሴቶች መጎናጸፊያ፣ ለብሰው ሳሎኑ በር ላይ ተቀበሉን። እንድንቀመጥ ወንበሮቹን በእጃቸው አሳዩን። ጋሽ ይልማ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። «ጉዳያችንን ሰምተው ይሁን ሳይሉን አንቀመጥም፤ ውኃም አንቀምስም በያቸው» አሉኝ። በአገራችን ደንብ ትክክል ነው። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

የሐጃ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ቶባቸውን አስተካከሉ፣ ስኳሩን አዩ፣ ነጫጭ የለበሱትን ሁለት ሽማግሎች አዩ፣ ከዚያ በጋቢው ውስጥ ላቡ የሚንቆረቆረውን ወጣት አንተነህን ከላይ እስከ ታች አዩት። ወደ ውስጥ ዞረው ለደስታ የሚቀዳው ጣፋጭ መጠጥ፣ ሻርበት፣ እንዲመጣ አዘዙ። ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ተናገሩ።

«አባቷ እዚህ የለም፤ ስለዚህ አባቷ እኔ ነኝ» አሉ። «ቤቴን አክብሮ በበር የመጣን ሰው አላሳፍርም። ልጅቷ እጇ ንጹሕ ነው፣ አፏም ንጹሕ ነው። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የጀመረችውን ስፌት ሳትጨርስ አትወሰድም። ባል ዛሬ ደኅና ነው፣ ነገ ይታመማል። ሴት ልጅ በእጇ የያዘችው ሥራ ይኑራት።»

ተረጎምኩት። ጋሽ ይልማ ግን ደስ አላቸው። «እንዴ፣ ሳንለምናቸው ሰጡን?»

«ባል ያሉት ማንን ነው?» አለ አንተነህ በዝግታ።

ሐጃ ወደ እሱ ዞሩ። «ራክሻው የራስህ ነው ወይስ የኪራይ?»

«የራሴ ነው፣ ሐጃ» አለ፤ ሰው ሲጠይቀው መመለስ የለመደ ልጅ ነው። ከዚያ ነገሩ ገባውና ጋቢውን ከትከሻው ለማውረድ ታገለ። በዚህ መሐል አዝመራ የሻርበቱን ትሪ ይዛ ገባች። ከውስጥ የሐጃ ምራት እልል ስትል ይሰማል። አዝመራ አንተነህን አየችው፤ በየዓርቡ የምትሳፈርበት ሰውዬ።

«አንተ?» አለች።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ አንተነህ። «ቆሜ ነው ያለሁት።»

ጋሽ ይልማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ዝም ብንልስ? የፈለግነው ፈቃድ ተገኝቷል።»

ጋሽ ሰንበቱ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። «ሽማግሌ ነን ወይስ ደላላ?» አሉ። «የውሸት ሙሽራ ይዘን ብንወጣ ነገ ሠርጉ የታል ይሉናል። ያን ጊዜ የምትጎዳው ልጅቷ ናት። ልጄ፣ እውነቱን ንገሪያቸው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት መጥፋት የተመኘሁበት ጊዜ የለም። ሙሽራ እንደሌለ፣ በአገራችን ትልቅ ልመና ሁሉ በዚህ መልክ እንደሚቀርብ፣ የመጣነው ለዓርብ ከሰዓት ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ሐጃ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ምራታቸው እልልታውን እንድታቆም በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ጋሽ ይልማ ያን ጊዜ እንዲህ አሉ፤ እኔም ምንም ሳላለሰልስ ተረጎምኩት፤ «ለባል ቢሆን ሙሉዋን ሊሰጡን ነበር። እኛ የምንለምነው በሳምንት አንድ ከሰዓት ነው።»

ሐጃ የመለሱት ቀስ ብለው ነው። «ባል ያገባች ልጅ በዒድ መጥታ ትጠይቀኛለች። ከአዝመራ በፊት የነበረችው ሠራተኛ በጁምዓ እንደወጣች ነው የቀረችው። በረሃ ትሁን ባሕር እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን ከፍቼ የላክኋት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ይልማ፣ «ዋስ እንጥራ» አሉ። «እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

«አንተ የራስህን በር ጠብቅ» አሉ ሐጃ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ይቺ ትሁን። ያን ሁሉ እውነት የተናገረችው እሷ ናት። ስሚኝ ልጄ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ሲባል አዝመራ ካልተገኘች በእሷ ቦታ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ዕቃው እስኪታጠብ፣ ሻዩ እስኪቀርብ፣ እሷ እስክትመጣ።»

ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም ነበር። እሺ አልኩ። ያኔ ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ትልቅ ትሪ ሥጋ መጣ፤ ቀኑ ዓርብ ስለሆነ እኛ ጾመኞች ነን፣ ስለዚህ ፉሉንና ሰላጣውን ብቻ በላን። ሐጃ «ለሙሽራ እንኳ ሥጋ አትበሉም?» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲያ አንተነህ አዝመራን ሊወስድ በመጣ ቁጥር በዘበኛው በኩል «ሙሽራው መጥቷል በሉ» እያሉ ያስጠሩበት ነበር። አንተነህ ጎንደር እጮኛ ስለነበረው ስንቀልድበት ደስ አይለውም።

አዝመራ ከዚያ በኋላ አንድም ዓርብ አላረፈደችም። መግሪብ ሳይባል ሪያድ ትገባለች፤ እኔም ስልኬን ይዤ እንደገባች እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ። ዋስነት እንዲህ ዓይነት ነገር እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ የሌላ ሰው መንገድ ያንቺ ልብ ውስጥ ይሄዳል።

ፈታኙ ከሌላ ተቋም ስለሚመጣ ፈተናው አንድ ቀን ብቻ ነበር። በዋዜማው የሐጃ ወንድም ሞቱ። በማግስቱ ጠዋት አዝመራ ደወለች። ከጀርባዋ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«ዛሬ አይሆንም፣ እህቴ» አለችኝ።

«ከለከሉሽ?»

«አልጠየቅኋቸውም። ለቅሶ ቤት ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ሰዉ ውኃ የሚሰጠው የለም።»

«ፈታኙ ተመልሶ አይመጣም፣ አዝመራ።»

«አውቃለሁ» አለችና ዘጋችው።

አንተነህን ጠርቼ ሪያድ ሄድኩ። በመንገዱ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ ሴቶቹ ውስጥ፣ ምንጣፍና ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሐጃ ዓይናቸው አብጦ ግድግዳ ተደግፈዋል። እንደ ደንቡ አጽናናኋቸው። ከዚያ ተንበርክኬ በጆሯቸው፣ «የአዝመራ ፈተና ዛሬ ነው። ዋሷ ነኝ፤ በቦታዋ ልቁም» አልኩ። የሚከለክሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ኩሽናው በዚያ በኩል ነው» አሉ።

አዝመራ መጀመሪያ አልወጣም አለች። ሽርጧን ከወገቧ የፈታሁት እኔ ነኝ። «ያላ፣ ሙሽሪት፣ መንገዱ ሳይሞላ» አለ አንተነህ ከበሩ፤ ሮጣ ወጣች።

ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ሳጥብ፣ ውኃ ሳመላልስ፣ ሻይ ስቀዳ ዋልኩ። የሻይ ብርጭቆ በሳሙና እጅ እንዴት እንደሚያመልጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት ለቀስተኛ ብርጭቆዋን እየመለሰች፣ «አዲሷ ሠራተኛ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ሐጃ ከግድግዳው ሥር፣ «ሠራተኛ አይደለችም፣ ዋስ ናት» አሉ። ሴትየዋ አልገባትም፤ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ጨርቅ ፍለጋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስገባ የአዝመራን ፍራሽ አየሁ። ከበላዩ በተዘረጋ ገመድ ላይ ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተቆረጡ ቅዶች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል፤ እጅጌ፣ አንገት፣ ኪስ። የክፍሉ በር መቆለፊያ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ፈተናውን አልፋለች። የስፌት መኪናውን አንተነህ በራክሻው ጭኖ ማዮ ድረስ አደረሰላት። እዚያ አቧራማ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ከፍራሹ በፊት የገዛችው ቁልፉን ነው። በዒድ በዒዱ ለሐጃ ራሷ የሰፋችውን አንድ ነገር ይዛ ትሄድ ነበር፣ የትራስ ልብስም ቢሆን። ከተማው ሲበተን ሐጃን ልጆቻቸው ወደ ግብፅ ወሰዷቸው። አዝመራ አሁን ገዳሪፍ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ይዛ መውጣት ችላለች፣ አንዳንድ ጊዜ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች፣ ከኋላዋ የመኪናው ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ሰንበቱ አገር ቤት ገቡ። ጋሽ ይልማ ጌቶቹ ከሄዱ በኋላም በሩን ትተው አልሄዱም ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው ሰው አላገኘሁም። የዴም አዳራሽ ጣሪያው ወድቋል። ባለፈው ሳምንት ከተመለሱት ሴቶች አንዷ፣ ልጆች እየተሰበሰቡ ስለሆነ ሥራውን እንደገና ብንጀምርስ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አስቤ እነግርሻለሁ ብያት ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ አስቤ እነግርሻለሁ ነው የምለው። ትናንት ሽታው ከገባ በኋላ እሺ ብዬ ላክሁላት።

የዚያ የለቅሶ ቀን ምሽት ግን ነው ዛሬም ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ። መግሪብ እየተጠራ አዝመራ በኩሽናው በር ገባች። ጣቶቿ ላይ የጨርቅ ጠመኔ አለ።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«እጅጌው ተገልብጦብኝ ነበር። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።»

«ጊዜው በቃሽ?»

«ለጥቂት።» የታጠቡትን ብርጭቆዎች በዓይኗ አለፈቻቸው። «ስንት ሰበርሽ?»

«ሁለት።»

«ደኅና ነሽ። የእኔን የመጀመሪያ ቀን ሐጃ እስከ ዛሬ ያነሱታል።» ሽርጡን ከወገቤ ፈታች። እጄ ከሙቅ ውኃው የተነሳ ተሸብሽቧል፤ አንስታ አየችውና በሽርጡ ጠርዝ አደረቀችልኝ። ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኞች ገብተው ጫጫታ ተነሳ። ሐጃ በደከመ ድምፃቸው ሻይ ብለው ተጣሩ።

«ሐዲር» አልን ሁለታችንም፣ እኩል። የእኔ ድምፅ በለጠ።